ወራጅ

ወራጅ አንድ ቃል ነው፣ ለሦስት ጌታ አዳሪ፤
አዌቱን ሲሞላ፣ ውኃ ነው አጓሪ፤
ቆርቆሮ ሲሸከም፣ እንጨት ነው ቤት አኗሪ፤
ባጃጅ ላይ ድምፅ ነው፣ «አለ!» ብሎ ተጣሪ።
አራተኛውን ግን፣ ጌታ ያወቅሁት
ሄርማታ ጋራዥ ነው፣ ጀልባ ሆድ ውስጥ ያየሁት።

ጀልባ በጅማ? ሳቁ፤ እኔም ስቄ ነበር፣
በአይሱዙ ተጭኖ፣ በገመድ ተጠፍሮ ሲመጣ በሰፈር፤
ከግልገል ጊቤ ግድብ፣ ከነዓሣው ሽታ፣
አፍንጫው ወደ ላይ፣ እንደ ኮራ ጌታ።

ባለቤቱ ኬድር፣ አዲስ ሞተር ገዝቷል፤
አሮጌው ጢስ ተፍቶ፣ ተፍቶ ተፍቶ ሞቷል።
«አንዱን አውጣ» አለኝ፣ «ሌላውን አስገባ፤
የግማሽ ቀን ሥራ። ሐሙስ ውኃ ልግባ።»

በፓራንኮ ሰንሰለት ሞተሩን ስናነሣ
አንድ ብሎን ብቻ አልፈታም አለ፤
አልጠበቀምም።
ዝም ብሎ ይዞራል፣ ድዱ እንደ ከዳው ጥርስ።
ሞተር የሚሸከመው፣ በቁመቱ የተጋደመው ወራጅ
ከላይ ፋይበር ለብሷል፣ ነጭ ነው፣ ያብረቀርቃል፤
ከሥር ጣቴን ብሰድ
እንጨት የነበረው እንደ ታሸ ትምባሆ እጄ ላይ ቀረ።
የዝናብ ሽታ አልነበረም፤
የቆየ፣ መውጫ ያጣ ውኃ።

በመዶሻ እጀታ ወለሉን ደበደብሁ፤
ደህናው «ቋ» ይላል፣ የሞተው «ዱፍ»።
ከኋላ እስከ መሐል
ዱፍ። ዱፍ። ዱፍ።
«ሐሙስ» አለ ኬድር።
«የትኛው ሐሙስ?» አልሁት።

በርጩማ ጠራቢው፣ አባ ቢያ ሲመጣ
ዕፍኝ አሸተተ፣ ሊስቅም ሊቆጣ፤
«የኔ ሦስት እግሮች፣ ከአንድ ግንድ የወጡ፣
ሳይበሱ፣ ሳይመቱ፣ ዕድሜ ተቀመጡ።
ውኃን ሌባ አትበሉት፣ ሌባ እንኳ ያፍራል፤
በር ከፍቶ የጠራው፣ አንድ ሰው ይኖራል።»

በግራይንደር ስቆርጥ
የመስታወት ብናኝ አንገቴ ውስጥ ገባ፤
ሦስት ሌሊት ስፎክት ሸምሲያ በረንዳ አስተኛችኝ።
ሙልጭ አድርጌ ስፍቅ፣ ከበሰበሰው መሐል
አንዲት የጎማ ቀለበት ወደቀች፣
ከበረባሶ ተረከዝ የተቆረጠች፣
ጠርዟ የተቦጫጨቀ።
ቢላውን አወቅሁት።
የጫፉ ስንጥር ዛሬም አለ፣ መሳቢያዬ ውስጥ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ አሰንዳቦ፣ ውኃው ዳር፣
ያኔ ቀለሙ አረንጓዴ፣ ጌታውም ሌላ ነበር፤
በትራፓኖ በሳሁ፣ «ቀዳዳውን ድፈን» ሲለኝ አለቃዬ
መብራት ሳይሄድ ብዬ፣ ቸኩዬ፣ ቸኩዬ።
መብራቱ ሄደ እንጂ! ከግድቡ አጠገብ፣
በጨለማ ጠበቀ፣ ያ ብሎን፣ እንደነገሩ ያለ ወግ።

ምንም አልተናገርሁም።

ዋንዛውን አባ ቢያ ጠረበ፤ የቡና ማስጫ አልጋ ላይ ደረቀ።
ዝናብ ሲመጣ ሸራ፣ ፀሐይ ሲወጣ ሬዚን፤
የጅማ ሰማይ ግን ለማንም አያደላም፣
ሁለት ጊዜ ሳይጠና ቀርቶ ፍቄ ጀመርሁ።
የመስታወት ጨርቅ፣ ሽፋን በሽፋን፣
አረፋውን በጣቴ እያባረርሁ።
ቀዳዳውን አስፍቼ በሬዚን ሞላሁት፣
ሲጠና መሐሉን ዳግመኛ በሳሁት፤
ብሎኑ ከእንጨቱ እንዳይተዋወቅ፣
ውኃም ደጅ ጠንቶ እንዲመለስ።

አራተኛው ሐሙስ ላይ
ግማሽ ዋጋ ብቻ ስቀበል ኬድር ጠየቀኝ።
ቀለበቷን መዳፉ ላይ አኖርሁለት።
አገላበጣት።
«ያን ማታ ባትሪ ያበራው ልጅ
እኔ ነበርሁ» አለ። «እኔም ቸኩዬ ነበር።»

አዲሱ ሞተር ግድቡ ላይ ሲጮህ
ወለሉ አልተንቀጠቀጠም።
ዳር ስንደርስ ኬድር እንደ ባጃጅ ልጅ
«ወራጅ አለ?» አለኝ።
አልመለስሁም። ተንበርክኬ
በጉጠት እጀታ ወለሉን መታሁ፤
ቋ አለ።
ደግሜ መታሁ።